የጀርመናዊ ሕዝቦች ጥንታዊ እምነትና በአይስላንድ እንደገና መነሣቱ

ክርስትና ከመስፋፋቱ በፊት በስካንዲኔቪያ፣ በዛሬዋ ጀርመንና በአንግሎ ሳክሶኖች እንግሊዝ ይኖሩ የነበሩ ጀርመናዊ ሕዝቦች ኦዲንን፣ ቶርንና ፍሬይን የመሳሰሉ ብዙ አማልክትን ያመልኩ ነበር። እምነታቸው ቅዱስ መጽሐፍም ሆነ ከአንድ ማዕከል የሚመራ ክህነት አልነበረውም። ሥርዓቱ ከቦታ ቦታ ይለያይ ስለነበር «አንድ ሃይማኖት» ብሎ መጥራቱ ለአገላለጽ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ አምልኮ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተጻፈው በማያምኑበት ሰዎች እጅ ነው። ሮማዊው ታሲተስ በ98 (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ስለ ጀርመን ነገዶች ሲጽፍ የውጭ ታዛቢ ነበር፤ የአማልክቱን ታሪክ በሰፊው ያቆየው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሶንም አገሩ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላ የኖረ ክርስቲያን ነው።

የአምልኮው እምብርት «ብሎት» የሚባለው መሥዋዕት ነበር። እንደ ስኖሪ ትረካ ከብቶችና ፈረሶች ታርደው ደማቸው በዕቃ ይጠራቀማል፤ በመርጫም መሠዊያው፣ የቤቱ ግድግዳና ሕዝቡ ይረጫል። ሥጋው በአዳራሹ መሐል በሚነድ እሳት ላይ ይቀቀላል፤ ዋንጫውም መጀመሪያ ለኦዲን ስለ ንጉሡ ድል፣ ቀጥሎ ለንዮርድና ለፍሬይ ስለ አዝመራና ሰላም ይጠጣል። በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረው የኖርዌይ ንጉሥ ሃኮን ክርስቲያን ስለነበር የፈረሱን ሥጋ አልበላም፣ መረቁንም አልጠጣም ቢል ገበሬዎቹ ሊነሡበት ደረሱ። በመጨረሻ የመረቁ እንፋሎት ባረፈበት በድስቱ ጆሮ ላይ የተልባ እግር ጨርቅ ጣል አድርጎ አፉን ከፈተበት፤ ትረካው እንደሚለው በዚህ ሁለቱም ወገን አልረካም። ስኖሪ የጻፈው ከብዙ ዘመን በኋላ ስለሆነ ዝርዝሩን እንዳለ መቀበል ያስቸግራል።

የእምነቱ ፍጻሜ እንደየአገሩ ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ በ772 የሳክሶኖችን ቅዱስ ምሰሶ ኢርሚንሱልን በጦር ኃይል ሲያፈርስ፣ አይስላንድ ግን በ1000 ገደማ በሸንጎዋ በአልቲንግ ወሰነች። ራሱ አረማዊ የነበረው የሸንጎው ሕግ አዋቂ ቶርጌር ካባውን ተከናንቦ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከተኛ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ እንዲጠመቅ ፈረደ። ሆኖም የፈረስ ሥጋ መብላትና ሕፃናትን ሜዳ ላይ መጣል እንደ ቀድሞው ተፈቀዱ፤ በስውር መሠዋትም፣ ምስክር ካልተገኘ፣ አያስቀጣም ተባለ። እነዚህ ፈቃዶች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተሽረዋል።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በጀርመንና በኦስትሪያ እምነቱን ለማንሣት የተደረገው ሙከራ ከዘር ብሔርተኝነት ጋር የተጣበቀ ነበር። ናዚዎችም ጥንታዊ ምልክቶቹን ለዓላማቸው ተጠቀሙባቸው። ዛሬም በአሜሪካና በአውሮፓ አምልኮውን ለነጮች ብቻ የሚያደርጉ ቡድኖች አሉ፤ ይህን አጥብቀው የሚቃወሙም እንዲሁ።

ከተቃዋሚዎቹ አንዱ አሳትሩአርፌላጊድ የተባለው የአይስላንድ ማኅበር ነው። ማኅበሩን በ1972 ከጓደኞቹ ጋር የመሠረተው ስቬንብዮርን ቤንቴንሶን በግ አርቢና ጥንታዊውን ግጥም በዜማ የሚያወርድ ባለቅኔ ነበር። የአገሪቱ ጳጳስ ቢቃወሙም መንግሥት በ1973 ዕውቅና ሰጠው፤ በዚህም የማኅበሩ ካህናት ጋብቻ የማስፈጸም ሕጋዊ ሥልጣን አገኙ፣ ማኅበሩም እንደ ሌሎች የተመዘገቡ ሃይማኖቶች በአባላቱ ቁጥር ልክ ከመንግሥት ገንዘብ ይከፈለዋል። አባላቱ ዛሬ ከ5,000 በላይ ናቸው፤ ሕዝቧ 400,000 ላልሞላ አገር ይህ ትንሽ አይደለም።

የዛሬው ብሎት ደም አይፈስበትም። ጥንታዊ ግጥም ይነበባል፣ በቀንድ ዋንጫ ይጠጣል፣ ከመጠጡም መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ማዕድ ይቀርባል። ከ2003 ጀምሮ ማኅበሩን የመራው የሙዚቃ ደራሲ ሂልማር ኧርን ሂልማርሶን የአማልክቱን ታሪክ እንደ ቅኔያዊ ምሳሌ እንጂ ቃል በቃል እንደማይወስደው ተናግሯል። በሬይክያቪክ በኧስክዩህሊድ ኮረብታ ለሚሠራው ቤተ አምልኮ መሬቱ የተቆፈረው በመጋቢት 2015፣ ፀሐይ በተጋረደችበት ቀን ሲሆን፣ ግንባታው ግን ከታሰበው በላይ ተጓትቷል።