አንድ ጆሮ በድንገት ሲደነቁር፦ ስለ ስቴሮይድ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ማታ ደህና የነበረ ጆሮ ጠዋት ደፍኖ ጭው ሲል፣ አዳማ ላይ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ነፋሱንና አቧራውን ነው። በ72 ሰዓት ውስጥ የመጣ ድንቁርና ግን የውስጥ ጆሮ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ከሆነ የሚሰጠው ሕክምና ስቴሮይድ (ብግነትን የሚቀንስ መድኃኒት) ነው፤ የሕክምናው ቀን የሚቆጠረው መስማት ከቀነሰበት ዕለት ጀምሮ ነው።

«ኩክ ነው፤ ጠብታ እያደረግሁ ሳምንት ልጠብቅ»

ኩክም ጉንፋንም ጆሮ ይደፍናሉ፤ በስሜት ብቻ መለየት አይቻልም። ጆሮው በኦቶስኮፕ (የጆሮ ቀዳዳ ማያ መሣሪያ) ይታይ። ቀዳዳው ንጹህ፣ ታምቡሩም ደህና ሆኖ ካልሰማ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። አፍ ዘግቶ «እምም» ማለትም ፍንጭ ይሰጣል፦ ድምፁ ወደ ታመመው ጆሮ ካደላ መዘጋት፣ ወደ ደህናው ካደላ የነርቭ ጉዳት ይጠረጠራል። ዘይትም ሆነ የጤና አዳም ጭማቂ ውስጠኛው ጆሮ ድረስ አይዘልቅም።

«አዲስ አበባ ሄጄ ኤምአርአይ ሳልነሳ መድኃኒት አልጀምርም»

ኤምአርአይ የሚታዘዘው በመስማት ነርቭ ላይ ዕጢ እንዳለ ለማጣራት ነው። ያስፈልጋል፤ ሕክምናው ግን እሱን አይጠብቅም። የመስማት ልኬቱ ቶሎ፣ ቢዘገይ በ14 ቀን ውስጥ ይሠራ። ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም እጅና እግር ከደከመ ግን ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል!

«ፕሬድኒሶሎን በቀን አንድ ፍሬ ይበቃል»

በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ፕሬድኒሶሎን በእንክብል የሚወሰድ ስቴሮይድ ነው፤ የተለመደው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ሚሊግራም፣ ቢበዛ 60 ሚሊግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ባለ 5 ሚሊግራሙን 12 ፍሬ ጠዋት ከቁርስ በኋላ በአንዴ ይወስዳል ማለት ነው። ብዛቱ አስደንግጧቸው በራሳቸው የሚቀንሱ አሉ፤ ያኔ ሕክምናው ከመጠን በታች ይሆናል። ሙሉው መጠን ከ7 እስከ 14 ቀን ይወሰድና ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያወርደዋል።

ያለ ሐኪም ግን አይገዛ። ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ ቲቢ ወይም ሄፓታይተስ ቢ ያለበት አስቀድሞ ይናገር። እኛ አገር ሊረሳ የማይገባው ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል ነው፤ ስቴሮይድ ሲወሰድ በሰውነት ተሰራጭቶ ሊገድል ይችላል። ስኳሩ ላልተስተካከለ ሰው ስቴሮይዱ በጆሮ ታምቡር በኩል በመርፌ ቢሰጠው ይሻላል።

«ስቴሮይድ ከወሰድኩ መስማቴ ይመለሳል»

ዋስትና የለም። ያለ መድኃኒት የሚሻላቸው አሉ፤ ክፉኛ የደነቆረና ማዞር ያለበት ዕድሉ ያንሳል። የስቴሮይዱ ማስረጃም የሚፈለገውን ያህል ጠንካራ አይደለም። ቢሆንም በክትትል የሚሰጥ አጭር ሕክምና ጉዳቱ ትንሽ ስለሆነ፣ ያለፈ ቀን ደግሞ ስለማይመለስ ቶሎ መሞከሩን እንመርጣለን። አንቲባዮቲክ ለዚህ አይረዳም።

«ሁለት ሳምንት ካለፈ አበቃ»

እንክብሉ የሚመረጠው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ነው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን መስማቱ በደንብ ላልተመለሰ ሰው ዴክሳሜታዞን ወይም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በታምቡሩ በኩል በመርፌ ይሰጣል። ሕክምናው ሲያልቅና በ6 ወር ውስጥ መስማቱ እንደገና ይለካ፤ የቀረ ጉድለት ካለ የመስሚያ መሣሪያ ይታሰባል።