አፈ ጉባኤ ምንድን ነው? ከዘውዱ ዘመን ፕሬዚዳንቶች እስከ ዛሬው ወንበር

የተወካዮች ምክር ቤትን ስብሰባ በቴሌቪዥን የተከታተለ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። «የምትደግፉ?» ይባላል፤ እጆች ይወጣሉ። «የምትቃወሙ? ድምፀ ተአቅቦ?» አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳ እጅ የለም። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ተብሎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይታለፋል። ይህን የሚለው ሰው አፈ ጉባኤ ነው። ስብሰባውን ይመራል፣ የመናገር ዕድል ይሰጣል፣ ይነሳል፣ ድምፅ ያስቆጥራል፣ ውጤቱንም ያውጃል።

ሕገ መንግሥቱ ስለዚህ ሥልጣን የሚናገረው ጥቂት ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤና ምክትል አፈ ጉባኤ ከአባላቱ መካከል ይመርጣል፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤትም እንዲሁ የራሱ አለው። ጥርስ ያለው ድንጋጌ አንቀጽ 58 ላይ ይገኛል፤ ምክር ቤቱ ለእረፍት በተበተነበት ጊዜ አፈ ጉባኤው ስብሰባ ሊጠራ ይችላል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ከጠየቁት ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። የቀረው ዝርዝር የምክር ቤቱ የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ነው።

ወረቀቱ እንዲህ አጭር ስለሆነ የወንበሩን ትክክለኛ ክብደት ለማወቅ የተቀመጡበትን ሰዎች መከተል ይሻላል። እኔ ስከተል ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ሥልጣን ለሕዝብ ዓይን ጎልቶ የሚታየው ባለቤቱ ሲቀመጥበት ሳይሆን ሲለቀው ነው።

ፓርላማ የተባለው ነገር የተጀመረው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመጀመሪያውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ይሾሟቸዋል፤ የሁለተኛውን ደግሞ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጧቸዋል። በዚያ ዘመን ሰብሳቢው የሚጠራው ፕሬዚዳንት ተብሎ ነበር። በ1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት መጥቶ የሕግ መምሪያ አባላትን ሕዝብ እንዲመርጣቸው ሲደረግ ልዩነቱ ሰፋ። መምሪያው ፕሬዚዳንቱንና ሁለት ምክትሎቹን ከራሱ መካከል ይመርጣል፤ የመወሰኛውን ግን አሁንም የሚሾሙት ጃንሆይ ናቸው።

ሹመቱ ምን ዓይነት እንደነበረ አንድ ዝውውር ብቻውን ያሳያል። አሥራተ ካሣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዚያው ጊዜ የኤርትራ እንደራሴ የነበሩት ደግሞ ጄኔራል ዓቢይ አበበ ናቸው። በፈረንጆቹ 1964 ሁለቱ ቦታ ተለዋወጡ፤ አሥራተ ወደ አሥመራ ሄዱ፣ ዓቢይ መጥተው የመወሰኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አብዮቱ እስኪደርስም ለአሥር ዓመት ያህል አልለቀቁትም። አንዱ የንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ነው፣ ሌላው የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ፀሐይን አግብቶ የነበረ አማች። ጠቅላይ ግዛት ከመግዛት ወደ ሕግ ማስወጣት፣ ከሕግ ማስወጣት ወደ ጠቅላይ ግዛት መግዛት መዛወር የቤተ መንግሥቱ የተለመደ ሥራ ነበር እንጂ ማንንም አላስገረመም። ሁለቱም ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ካስረሸናቸው ባለ ሥልጣናት መካከል ናቸው። ፓርላማው ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጃንሆይ በወረዱ ሰሞን ተዘግቷል።

ደርግ ፓርላማ ሳይኖር ከአሥር ዓመት በላይ ገዛ። በ1980 የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ 835 አባላት ነበሩት፤ በመደበኛነት የሚሰበሰበውም በዓመት አንዴ ነበር። ለአፈ ጉባኤነት ታሪክ የተወልን ነገር ብዙም የለም።

የሽግግሩ ጊዜ ግን ለየት ያለ ነው፤ ብዙ ሰው የረሳውም ይመስለኛል። በ1983ቱ ቻርተር መሠረት የተወካዮች ምክር ቤቱ ሰብሳቢ ራሱ ርእሰ ብሔር ነበር። መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንትም የምክር ቤቱ ሰብሳቢም ሆነው አራት ዓመት ቆዩ። አስፈጻሚውን ተቆጣጠር የተባለው ምክር ቤት የሰብሳቢነት መዶሻው በአስፈጻሚው እጅ ነበር ማለት ነው።

ሁለቱ ሥልጣኖች በወረቀት የተለዩት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያ አፈ ጉባኤ ዳዊት ዮሐንስ ሆኑ፤ ለሁለት የምርጫ ዘመን፣ እስከ 1998 መጀመሪያ። ሕገ መንግሥቱ ሲረቀቅ ከተሳተፉት አንዱ በመሆናቸው ደንቡን በደንብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የ1997 ምርጫ ከተደረገ በኋላ ግን በእሳቸው ሰብሳቢነት ተሰናባቹ ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ለወጠ። ቀድሞ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፤ አዲሱ ደንብ ከግማሽ በላይ የሚሆኑ አባላትን ድጋፍ ጠየቀ። ተቃዋሚዎች በብዛት ሊገቡ በር ላይ የቆሙበት ጊዜ ነበር። አጀንዳ ያላስያዘ ተቃዋሚ ደግሞ በአጀንዳው ላይ ከመናገር ሌላ የሚያደርገው የለውም። ስለ አፈ ጉባኤ ገለልተኛነት ሲወራ ሁሉም የሚያየው የሰውየውን ጠባይ ነው፤ ጨዋታው የሚያልቀው ግን ብዙውን ጊዜ ደንቡ ላይ ነው።

ከዳዊት ቀጥሎ ተሾመ ቶጋ ከ1998 እስከ 2003 ሠሩ፤ በኋላም በአምባሳደርነት ቆይተዋል። ከወንበሩ ወደ ኤምባሲ የሚወስደው መንገድ የተለመደ ነው፤ የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ካሣ ተክለብርሃንም ዋሽንግተን ገብተዋል፤ ሙላቱ ተሾመ ደግሞ በቱርክ አምባሳደርነት አልፈው በ2006 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

በ2003 የመጡት አባዱላ ገመዳ የቀድሞ የጦር ጄኔራል፣ የመከላከያ ሚኒስትርና የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት ነበሩ። የተረከቡት ምክር ቤት ከ547 መቀመጫዎች 545ቱ በገዢው ግንባር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ የተያዙበት ነው። የተቃዋሚው ወገን ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን ነበሩ፤ ሌላ አንድ የግል ተመራጭ አለ። ከ2007 ምርጫ በኋላ እሳቸውም ጠፍተው 547ቱም በአንድ ወገን ተሞሉ። እንዲህ ባለ አዳራሽ ውስጥ ለማን ዕድል ይሰጥ፣ ማን ይቅደም የሚለው የአፈ ጉባኤ ዋነኛ ራስ ምታት ዋጋ የለውም። ድምፅ መቁጠሩም ለወጉ ያህል ይሆናል።

ቆጠራው ከወግ ያለፈ ትርጉም ያገኘው የካቲት 23 ቀን 2010 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለ ማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ ባስገቡ ማግሥት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ፤ አባላቱም ሊያጸድቁት ተጠሩ። ለእንዲህ ያለ አዋጅ አንቀጽ 93 የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቃል። በወቅቱ የነበሩት አባላት 539 ስለሆኑ የሚያስፈልገው 360 ድምፅ ነው። እጅ ተነሳ፣ ተቆጠረ። አፈ ጉባኤው 346 ድጋፍ፣ 88 ተቃውሞ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ ብለው አዋጁ መጽደቁን አስታወቁ።

ስልኩ ላይ ካልኩሌተር ያለው ሁሉ ደመረ፤ አልሞላም። በዚያው ቀን እርማት መጣ፤ የድጋፍ ድምፁ 346 ሳይሆን 395 ነው፣ የቆጠራ ስህተት ነበር ተባለ። 49 እጅ ከየት መጣ የሚለው ክርክር በማኅበራዊ ሚዲያ ለሳምንታት ቆየ። እውነቱ የትኛውም ቢሆን ለእኔ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፤ 88 ሰው በዚያ አዳራሽ እጁን አውጥቶ ተቃወመ። ሁሉም የአንድ ግንባርና የአጋሮቹ አባላት በሆኑበት ምክር ቤት ይህ ያልታየ ነገር ነው። የቆጣሪዎቹም እጅ ቢሆን «በሙሉ ድምፅ» ለማለት እንጂ ለጠባብ ቆጠራ የሠለጠነ አልነበረም።

አባዱላ ራሳቸው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ልልቀቅ ብለው ጠይቀው ነበር። በኋላ እንደተናገሩት ምክንያታቸው ሕዝባቸውና ድርጅታቸው መናቃቸው ነው። ከወራት በኋላ ሐሳባቸውን ቀይረው ተመለሱ፤ በመጨረሻ የለቀቁት በሚያዝያ ነው። ያቺ የመስከረም መልቀቂያ ኢሕአዴግ ውስጥ የተፈጠረውን ስንጥቅ ለውጭ ሰው ካሳዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዷ ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ ስብሰባ ሲመሩ ያላገኙትን ትኩረት አንድ ደብዳቤ አስገኘላቸው።

የፌዴሬሽን ምክር ቤት ታሪክ ደግሞ ይህንኑ የበለጠ ያጠነክረዋል። ይህ ምክር ቤት የሚሰበሰበው በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ነው፤ ሕግ አያወጣም፤ ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ግን እሱ ነው። የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ አልማዝ መኮ ነበሩ። አገሪቱ ውስጥ አንዲት ሴት ምክር ቤት ስትመራ የታየው ያኔ ነው፤ ይሁንና ስማቸው በብዙ ሰው አእምሮ የቀረው በ1993 ክረምት አሜሪካ ገብተው ጥገኝነት በመጠየቃቸው ነው። የሕወሓት ክፍፍል በተፈጠረበት፣ መንግሥቱ ከውስጥ በሚናጥበት ዓመት።

በ2010 ሚያዝያ ሙፈሪያት ካሚል በተወካዮች ምክር ቤት፣ ኬሪያ ኢብራሂም በፌዴሬሽን ምክር ቤት ተመረጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም ምክር ቤቶች ሴቶች መሩ። ሙፈሪያት ስድስት ወር ያህል ብቻ ቆይተው አዲስ የተቋቋመው የሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ሆኑ፤ በቦታቸው ታገሰ ጫፎ ተተኩ። በስድስት ወር ወንበሩን ትቶ ካቢኔ መግባት እንደ ዕድገት ተቆጠረ። በእንግሊዝ ልማድ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የሆነ ሰው ከፓርቲው ይወጣል፣ ሚኒስትርነትንም አያስብም፤ እኛ ዘንድ ግን ወንበሩ በፓርቲው ምደባ መካከል አንዱ ጣቢያ ነው።

የሕወሓት አባል የነበሩት ኬሪያ ጋ የሆነው ሌላ ነው። በ2012 ኮሮና ምክንያት ሆኖ ምርጫው ሲተላለፍ የመንግሥት የሥራ ዘመን ጉዳይ ለሕገ መንግሥት ትርጉም ተላከ፤ ውሳኔው የሚያልፈው በእሳቸው ምክር ቤት በኩል ነበር። ሰኔ 1 ቀን፣ ሕገ መንግሥቱ ሲጣስ ተባባሪ አልሆንም ብለው ለቀቁ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 3፣ ምክር ቤቱ አደም ፋራህን አፈ ጉባኤ አድርጎ መርጦ የሥራ ዘመኑን ማራዘሙን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። አፈ ጉባኤዋ ሰብሳቢነቱን ስለተዉ የተስተጓጎለ ነገር የለም። መልቀቃቸው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው የመቀሌና የአዲስ አበባ መለያየት ከታየባቸው ግልጽ ነጥቦች አንዱ ሆነ። በኅዳር 2013፣ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ፣ እጃቸውን ለፌዴራል መንግሥት መስጠታቸው ተነገረ።

ስድስተኛው ዙር ምክር ቤት መስከረም 24 ቀን 2014 ሲከፈት ታገሰ ጫፎ በድጋሚ ተመረጡ፤ ሎሚ በዶ ምክትላቸው ሆኑ። በዚያኑ ዕለት የፌዴሬሽን ምክር ቤትን ወንበር የተረከቡት አገኘሁ ተሻገር የአማራ ክልል ፕሬዚዳንትነታቸውን ካስረከቡ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር።