ደላላው ምን ሠራ? ስለ ቤት ደላላ ኮሚሽን የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቤት የገዛን ቀን የደላላውን ኮሚሽን ስቆጥር እጄ ከብዶኝ ነበር። የገዛነውን ቤት ያየነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሰውየው በር አስከፈተ፣ ስልክ ደወለ፣ አብሮን ውልና ማስረጃ ሄደ። «ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ብር?» አልኩ በሆዴ።

በዓመቱ ታናሽ እህቴ ቤት ልትገዛ ስትነሳ አብሬያት ዞርኩ። የእሷ ደላላ ፈጣን ነበር፣ ተጫዋች ነበር፣ ኮሚሽንም ቀንሶላታል። ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ግን ቤቱ ላይ የፍርድ ቤት እገዳ እንዳለ ታወቀ። ቀብዷን ለማስመለስ ስንት ወር ተመላለሰች። ስለ ደላላ የማስበውን ነገር የቀየረው ያ ነው። ሰው ሁሉ የሚለውን፣ እኔም ስለው የነበረውን፣ አንድ በአንድ ልመልስበት።

«በር አስከፍቶ ብር ይወስዳል»

ከሁሉም በላይ የሚባለው ይሄ ነው። ብዙ ሰው ሲመልስ የደላላውን ድካም ይቆጥራል፦ ስንት ሰው ቤት አሳይቶ ሳይገዛ ሄደ፣ ስንት ታክሲ ከኪሱ ከፈለ። እውነት ነው፣ ደላላ ካልተሸጠ አይከፈለውም። እኔ ግን በዚህ ብቻ አልስማማም። ክፍያው ለድካም ከሆነ፣ ሠላሳ ቤት ያንከራተታችሁ ደላላ የመጀመሪያው ቀን ትክክለኛውን ቤት ካሳያችሁ ደላላ ይበልጥ ሊከፈለው ነው። እንዲህማ አይሆንም።

የሚከፈለው ለሚያውቀው ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጎረቤት ያለው ቤት በስንት እንደተሸጠ ገብታችሁ የምታዩበት ለሁሉም ክፍት የሆነ መዝገብ የለም። ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋና በእጅ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። የእውነቱን ዋጋ የሚያውቀው ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው ነው። ሻጩ የምር መሸጥ ፈልጎ ነው ወይስ ዋጋ ሊሰማ ነው? የሚያሳየን ሰው ባለቤቱ ነው ወይስ ወኪል? ውሃው በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ይሄን ሁሉ አውቆ ሳይደብቅ የሚነግር ደላላ ሁለት ሰዓትም ቢሠራ ገንዘቡ ይገባዋል። የማያውቅ ደግሞ ወር ሙሉ ቢዞርም በር ከፋች ነው።

«ኮሚሽን በሕግ 2 በመቶ ነው»

አይደለም። በቤት ሽያጭ 2 በመቶ የለመድነው ነገር ነው እንጂ በአዋጅ የተቆረጠ ታሪፍ አይደለም። የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደላላን ራሱን ችሎ፣ ሙያዬ ብሎ፣ ለጥቅም ሰዎችን አገናኝቶ የሚያዋውል ሰው አድርጎ ያየው ነበር። ክፍያው ግን የስምምነት ነገር ነው። ስለዚህ ቤት ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ማን ይከፍላል? ስንት? መቼ? በተለይ «መቼ» የሚለውን አትርሱ። ቀብድ ሲከፈል የሚሰጥ ኮሚሽንና ስም ከዞረ በኋላ የሚሰጥ ኮሚሽን ደላላውን ለየቅል ያሠሩታል። እህቴ ግማሹን የከፈለችው ቀብድ በሰጠች ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሰውየው ስልክ ማንሳት አቆመ።

«ደላላዬ ዋጋ ያስቀንስልኛል»

እስቲ እናስላው። ቤቱ 8 ሚሊዮን ብር ተባለ እንበል። 2 በመቶው 160,000 ብር ነው። ደላላው ለእናንተ ታግሎ 500,000 ብር ቢያስቀንስ፣ የእሱ ድርሻ 150,000 ይሆናል። እናንተ ግማሽ ሚሊዮን ስታተርፉ እሱ 10,000 አጣ።

ሻጭም ከሆናችሁ ያው ነው። ሦስት ወር ታግሳችሁ ግማሽ ሚሊዮን ብትጨምሩ ለእሱ የሚደርሰው ያችው 10,000 ናት። ለ10,000 ብር ብሎ ሦስት ወር የሚጠብቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ዛሬውኑ ብትጨርሱለት ይሻለዋል። ይሄ ክፋት አይደለም፣ ክፍያው ራሱ ወደዚያ ይገፋዋል። «አሁን ካልያዛችሁት ያመልጣችኋል» ሲላችሁ ይሄን ሒሳብ አስታውሱ። ይሄ ሁሉ እያለ ደላላው «ትንሽ ታገሱ፣ ይወርዳል» ካላችሁ ግን፣ ከኪሱ አውጥቶ እንደሰጣችሁ ቁጠሩት።

«ከሻጭም ከገዢም መቀበል ሌብነት ነው»

ሁለቱም ካወቁና ከተስማሙ ሌብነት አይደለም፤ በእኛ አገር የተለመደ ነው። ነውሩ መደበቁ ላይ ነው። ሻጩ 7 ሚሊዮን ፈልጎ ለገዢው 7 ሚሊዮን ተኩል ተብሎ፣ መሀል ያለው ለደላላው የሚቀር ከሆነ ያ ኮሚሽን አይባልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዋጋው ላይ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተገናኝተው ያውሩ። ይሄን አጥብቆ የሚከለክል ደላላ ካጋጠማችሁ ምክንያቱን ጠይቁት።

«ደላላው አስፈርሞናል፣ ቤቱ የእኛ ነው»

ቤት የሚያሳጣው ስህተት ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ካፌ ቁጭ ብሎ፣ ሦስት ምስክር ተደርጎ የሚፈረም ወረቀት አለ። የመንደር ውል እንለዋለን። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ግን የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት ይላል። ለዚያ ነው ውልና ማስረጃ የምንሄደው። እዚያም ተፈርሞ ስሙ በክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት እስኪዞር ድረስ ነገሩ አላለቀም።

ቀብድም አለ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከቀየረ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ወረቀት ላይ ያምራል። ተቀባዩ ገንዘቡን አጥፍቶት ሲገኝ ግን እጥፉ ቀርቶ ዋናውም የክርክር ነገር ይሆናል። ስለዚህ ደህና ደላላ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ካርታውን ያሳያል፣ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ያስጣራል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱ ወይም ባሏ መስማማቷን ወይም መስማማቱን ያረጋግጣል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ ቤት ያለሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላልና። የእህቴ ደላላ ከነዚህ አንዱንም አላደረገም። ዕዳና እገዳ ማስጣራት ደግሞ ከቀብድ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ከኮንዶሚኒየም ጋር ደግሞ «በውክልና ይሠራል» የሚባል ነገር ይመጣል። ዕጣ የደረሰው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ቤቱን ለሌላ ማስተላለፍ ስለማይችል፣ ገዢው ሙሉውን ብር ከፍሎ ውክልና ይዞ ይቀመጣል። ውክልና ግን ሰጪው ሊሽረው ይችላል። ሰጪው ከሞተ ደግሞ ይቋረጣል፣ ገዢውም ከወራሾች ጋር ክርክር ይጀምራል። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሆናችሁ በቪዲዮ አይታችሁ የምትገዙ ወገኖቼ፣ ይሄን ያልነገራችሁ ደላላ ከሆነ ምስጋናውን ያዙለት።

«ይሄ ሁሉ የኪራይ ደላላን አይመለከትም»

ይመለከተዋል፣ በአጭሩ ልበለው። አከራዩን «ይሄን አስወጣውና በጭማሪ ሌላ አመጣልሃለሁ» የሚል ደላላ አለ። ተከራይ በተቀየረ ቁጥር እሱ ኮሚሽን ያገኛላ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጓል። ተከራዮች ይሄን እወቁት።

«ቶሎ ያሻሻጠ ጎበዝ ነው»

እኛ የምናመሰግነው ባለቀው ጉዳይ ነው። ፈጥኖ ካገናኘን «ልጁ እሳት ነው» እንላለን፣ ስልኩን ለዘመድ እንሰጣለን። የእህቴንም ደላላ ያገኘችው እንዲሁ ተመስግኖላት ነው። ያመሰገነው ሰው ገና ስም አላዞረም ነበር።

የእኛ ደላላ አምሳዎቹን ያለፈ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ አያት ሰፈር አካባቢ አንድ ግቢ አሳይቶን ነበር። ባለቤቴ በጣም ወደደችው። ዋጋውም ተስማምቶናል። በማግስቱ ደወለና «ልጄ፣ ያንን ቤት ተዉት» አለኝ። ለምን ስለው፣ «ባለቤቱ ሞቷል፣ ወራሾቹ አራት ናቸው፣ ሽያጩን የተስማሙት ሦስቱ ናቸው። አራተኛው ውጭ አገር ነው፣ ማንም አላናገረውም» አለኝ። ሻጮቹ ከእኛ ሸሽገው ነበር፣ እሱ ከጎረቤት ጠይቆ ነው የደረሰበት። እኔ ግን አላመሰገንኩትም። እንዲያውም «ሌላ ገዢ አግኝቶ ይሆናል» ብዬ አምቼዋለሁ። ሌላ ቤት እስኪያገኝልን ሁለት ወር ፈጀ። እጄ እየከበደኝ ኮሚሽን የቆጠርኩለት ለዚህ ሰው ነው።

የእህቴ ጉዳይ ካለቀ በኋላ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን ሰው «ደህና ደላላ ታውቃለህ?» ሲለኝ ስለገዛነው ቤት ብዙም አላወራም። የአያት ሰፈሩን ግቢ ታሪክ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እሰጠዋለሁ።