«ሃይማኖት የግል ነው፣ አገር የጋራ ነው»

የሃይማኖት ክርክር ሲከር መሃል ገቢው ቶሎ የሚያነሣው አባባል ነው። አብዛኛው ሰው የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቃል አድርጎ ይጠቅሰዋል። የሚገርመው፣ በዚያው ዘመን በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጓት ነበር። ሙስሊሞች ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት «የጋራ» የተባለው ስላልደረሳቸው ነው፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል። መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው የሚለው ዛሬ በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ላይ ሰፍሯል።

ሰሜን ሸዋ ላይ፣ በተለይ ከአንኮበር ቁልቁል በአልዩ አምባና በይፋት በኩል፣ አባባሉን ሠርግ ቤት ማየት ይቻላል። ክርስቲያኑ ደጋሽ ለሙስሊም እንግዶቹ በግ ወይም ፍየል ከነነፍሱ ያስረክባል። ባራኪው ሙስሊም፣ ወጥ ሠሪዋም ሙስሊም ናት፤ ቢላው፣ ድስቱና ጭልፋው ለብቻ ነው። ጭልፋ ከተቀላቀለ እንግዳው ሳይቀምስ ይነሣል፤ ደጋሹም ያፍራል እንጂ «ጠላኝ» አይልም። ዳሱና ለቅሶው ግን አንድ ነው። ከሩቅ ሆኖ «ሥጋችንን የማይበላ ይጠላናል» የሚል ሰው ይህን ሥርዓት አላየም ማለት ነው።

ጅምላ ፍርድ የሚሰናከለውም እዚሁ ነው። «ክርስቲያኖች እንዲህ ናቸው» ለሚል፣ በ1870 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተወገዘው፣ ክርስቶስ ሦስት ልደት አለው የሚለው የሦስት ልደት ትምህርት ሸዋ ውስጥ ብዙ ተከታይ ነበረው፤ ክርክሩም የክርስቲያኖች የራሳቸው ነበር። «ሙስሊሞች እንዲህ ናቸው» ለሚልም፣ የወሊ (የቅዱስ ሰው) መቃብር የሚዘይረውና ዚያራውን (ጉብኝቱን) ሽርክ፣ ማለትም በአላህ ላይ ማጋራት ነው የሚለው በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። አክራሪው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወግዘው የገዛ ወገኑን ነው። ስለዚህ ተከራካሪ «እናንተ» ሲል፣ ማን፣ የት፣ መቼ ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ መልሱ አንድ ሰው ወይም አንድ ቡድን ከሆነ ተጠያቂውም እሱው ነው።

አባባሉ አለቦታው የሚገባው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ተቃጥሎ አቤት የሚለውን «ተወው፣ ሃይማኖት የግል ነው» ብሎ ዝም ለማሰኘት ሲውል ነው። እምነቱ የግሉ ነው፤ ቃጠሎው ግን የፖሊስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፣ የአባባሉ ሁለተኛ ግማሽ።