ስለ ማንግሮቭ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማንግሮቭ በሞቃት አገሮች ጠረፍ፣ የባሕሩ ውሃ እየመጣ በሚሸሽበት ጭቃ ላይ የሚበቅል ዛፍ ነው። አገራችን ባሕር ስለሌላት ብዙዎቻችን አይተነው አናውቅም። አቡ ዳቢ ያሉ ወገኖቻችን ግን አረቦቹ «ቁርም» ሲሉት ሳይሰሙ አይቀሩም።

«የሚሸት ረግረግ ነው፤ ቢደፈን ይሻላል»

መሽተቱስ ይሸታል፤ ልክ እንደ ተበላሸ እንቁላል። ጭቃው ውስጥ አየር የለማ። ግን አየር ስለሌለ ነው የረገፈው ቅጠልና የሞተው ሥር ቶሎ የማይበሰብሰው። ካርቦኑን እንደያዘ ለመቶዎች ዓመታት ተቀብሮ ይቆያል። ረግረጉ ተቆፍሮ ሲደርቅ ያ ሁሉ ወደ አየር ይወጣል። ብዙ ዓሣና ሸርጣንም የሚያድገው እዚያው ሥሮቹ መሃል ነው።

«ያለ ጨው አይኖርም»

ጨውን ይችለዋል እንጂ የግድ አያስፈልገውም። በቀይ ባሕር ዳር የሚበቅለው ዓይነት የበዛበትን ጨው በቅጠሉ ያወጣል። ቅጠሉን በጣት ዳሰስ አድርጎ መቅመስ በቂ ነው።

ኤርትራ ውስጥ፣ ምጽዋ አጠገብ ባለችው ሕርጊጎ የሠሩት አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጎርደን ሳቶ አንድ ነገር አስተዋሉ። ማንግሮቭ ያለው የዝናብ ጎርፍ ባሕር በሚገባበት ቦታ ነበር። ምስጢሩ ግን ጨው አልባው ውሃ ሳይሆን ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ነው አሉ። እነዚህን በተበሳ ላስቲክ አድርገው ችግኙ ሥር ቀበሩ። ራቁቱን የነበረው ጠረፍ ዛፍ አበቀለ፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ይህ ታሪክ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

«በብዛት ከተተከለ ዳነ ማለት ነው»

ስሪላንካ ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከ1,000 ሄክታር በላይ ላይ ተተከለ። በሕይወት የተረፈው አንድ አምስተኛው ገደማ ነው። ቦታው ውሃ የሚበዛበት ነው ወይስ የሚደርቅ? የትኛው ዝርያ ይስማማዋል? ይህን መጠየቅ ከተከላው በፊት ነው። ችግኝ ቆጥረን ፎቶ ተነስተን ለምንሄድ ለእኛም ይህ ባዳ አይደለም።

«ሰዉ የሚቆርጠው ግንዛቤ ስለሌለው ነው»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄኛው ነው። ዓሣ አጥማጁ ዓሣው የት እንደሚያድግ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ማታ እራት የሚበስለው በእንጨት ነው፤ ቤቱም የሚቆመው በማንግሮቭ ምሰሶ ነው። ስብሰባ ጠርቶ ግንዛቤ ማስጨበጥ ብቻውን ይህን እንጨት አይተካም።

ኬንያ ውስጥ፣ ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለችው የጋዚ መንደር ሰዎች ከጎረቤታቸው ከማኮንጌኒ ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ያዙ። «ሚኮኮ ፓሞጃ» ይሉታል፤ በስዋሂሊ «ማንግሮቭ በአንድነት» እንደማለት ነው። ከ2013 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ 117 ሄክታር ማንግሮቭ ይጠብቃሉ፤ ደኑ ለያዘው ካርቦን «የካርቦን ክሬዲት» የሚባል የምስክር ወረቀት፣ ወደ አየር የሚለቁትን ካርቦን ማካካስ ለሚፈልጉ ይሸጣሉ። ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ለውሃና ለትምህርት ቤት አውለውታል። ለማገዶና ለምሰሶ ደግሞ የብስ ላይ ሌላ ዛፍ ተከሉ፤ እኛ ሸውሸዌ የምንለውን።