መንግሥት ቤት የቀረ የሕግ ሰው «ያልቻለ» ነው ለምትሉ

ሕግ ተምሮ ዳኛ ወይ ዓቃቤ ሕግ ወይ ነገረ ፈጅ (የመሥሪያ ቤቱን የሕግ ጉዳይ የሚይዝ ተቀጣሪ) የሆነን ሰው «እስካሁን የራስህን ቢሮ አልከፈትክም እንዴ?» ስትሉት ምን ማለታችሁ እንደሆነ ይገባናል፣ ቢችል ኖሮ ይወጣ ነበር ማለታችሁ ነው። ለቅሶ ቤትም ሰርግ ቤትም ይሄንኑ ስሰማ ሰለቸኝ። መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ልጨርስ።

«ትልቅ የሕግ ሰው ለመሆን ዋናው አፍ ነው።» አይደለም። ክሱም መልሱም ይግባኙም በጽሑፍ ነው የሚገባው፣ መጻፍ የማይችል ሰው አፉ አያድነውም።

«የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ዳኞችን እንዲህ ፍረዱ ይላል።» ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በስተቀር በምንም አይመራም ይላል። ጫና የለም አላልኩም፣ ጫና ማድረግና ሥልጣን ያለው መሆን ግን ለየቅል ናቸው።

«ዳኛ የሚሾመውም የሚያወርደውም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው።» የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን ፕሬዚዳንትና ምክትል ዕጩ አድርጎ ያቀርባል፣ የሚሾመው ፓርላማው ነው። ሌሎቹን የፌዴራል ዳኞች መጀመሪያ የሚመርጠው የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ነው፣ ለማንሳትም ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት።

«ከመንግሥት ቤት አንዴ ከወጣህ አትመለስም።» መዓዛ አሸናፊ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፣ ወጥተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሆኑ፣ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠሩ፣ በ2011 ተመልሰው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፣ በ2015 ለቀቁ። ብርቱካን ሚደቅሳ በ1994 የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃን በዋስ የለቀቁ ዳኛ ነበሩ (ሰውየው ወዲያው ቢታሰሩም)፣ ከዛ ፖለቲካ፣ እስር፣ አሜሪካ ትምህርት፣ በ2011 ደግሞ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ። ሁለቱም ከኋላቸው የዳኝነት ዓመታት አሉ፣ ይሄን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዋናው። «የቻለ ጥብቅና ይወጣል፣ ያልቻለ መንግሥት ቤት ይቀራል።» ደሞዙ ያንሳል ካላችሁ እስማማለሁ፣ በጣም ያንሳል፣ ስንት ጎበዝ ልጅ በዚህ ምክንያት ለቋል፣ ካልተስተካከለ ገና ብዙ ይለቃል። ግን የደሞዝ ማነስ እንዴት ሆኖ ነው የችሎታ ማነስ የሚሆነው? ጠበቃ የሚከራከረው ለደንበኛው ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት (የመጨረሻ ፍርድ ላይ የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ላይ ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም ግን ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ጀምሮ በየትኛውም ደረጃ ያለ የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤት ላይ አስገዳጅ ነው፣ ማለትም አዲስ አበባ የተጻፈች አንዲት አንቀጽ ጎንደር ወይ ጅማ ያለ የውርስ ክርክር ላይ ትወስናለች። እሷን የሚጽፈው ሰው ነው ያልቻለው?

ነገረ ፈጅነትማ ከሁሉም በላይ ይናቃል። የማውቃት አንዲት ነገረ ፈጅ፣ መሥሪያ ቤቱን እንተወው፣ እንደተመደበች የተረከበችውን ፋይል አንድ በአንድ ስታገላብጥ የመጋዘን አጥር የገጨ የጭነት መኪና ጉዳይ ታገኛለች። የትራፊክ ፕላን አለ፣ የጉዳት ግምት አለ፣ ደብዳቤ ተጽፏል፣ መልስ የለም፣ በቃ ተቀምጧል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ለመክሰስ የሚሰጠው ሁለት ዓመት ነው፣ እሱም ሊሞላ ቀናት ቀርተውታል። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ገብታ ክሱን ጻፈች፣ ኃላፊውን ለማስፈረም የስብሰባ አዳራሽ በር ላይ ቆማ ጠበቀች፣ አስገባችው። ገንዘቡ ተመለሰ። ያ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ሳምንት ቢያልፍ ኖሮ ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜው አልፏል) ተብሎ ይቀር ነበር፣ እንደዛ የቀረውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ እንዲህ ያለ ቦታ የደረሳችሁ ልጆች፣ የዘመድ ወሬ ተዉትና ይሄን አድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፋይሉን ሁሉ አውጥታችሁ ጉዳቱ የደረሰበትን ወይ ውሉ የተጣሰበትን ቀን፣ ጎኑ ላይ ይርጋው የሚሞላበትን ቀን ጻፉ፣ ለአለቃችሁ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ኮፒውን ያዙ። የሰበር ውሳኔዎች የታተሙባቸውን ቅጾች ስታነቡ ውሳኔውን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፣ ሐተታውንና የልዩነት ሐሳብ (በውሳኔው ያልተስማማ ዳኛ የጻፈው) ካለም እሱን አንብቡ። ዓቃቤ ሕግ የሆናችሁ ደግሞ ክስ ከመጻፋችሁ በፊት የምስክሮቹን ቃል ከፖሊስ መዝገቡ ላይ ራሳችሁ አንብቡ፣ በመርማሪው ማጠቃለያ ብቻ ሰው አትክሰሱ።