ስለ አየርላንድ ጥቃቅን ነገሥታት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመካከለኛው ዘመን የጌሎች (የጥንቱ የአየርላንድ ሕዝብ) ታሪክ ሲነሳ «ሕግ የማያውቁ፣ ወንድም ከወንድሙ ሲፋጅ የኖሩ» የሚል ፍርድ ይሰማል። ይህ ፍርድ ሕዝቡን ይበድላል፣ ነገሩንም አያስረዳም። ጌሎች ሕግ አልጎደላቸውም። ይልቁንም ደም መፋሰሱን ያበዛው፣ ለአልጋው የሚታጩትን ሰዎች ያበዛው የራሳቸው ሥርዓት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«አየርላንድን አንድ ንጉሥ ይገዛት ነበር»

እውነታው፦ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን በደሴቲቱ ላይ በአንድ ጊዜ ወደ 150 የሚጠጉ ነገሥታት እንደነበሩ የታሪክ ምሁራን ገምተዋል። አብዛኞቹ የሚገዙት ቱዋ የምትባል፣ ጥቂት ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ግዛት ነው። ከነሱ በላይ የበላይ ንጉሥ፣ ከእሱም በላይ የክፍለ ሀገር ንጉሥ አለ። የታራ ንጉሥ የሚባለው ታላቁ ንጉሥ እንኳ የሌላውን ግዛት በቀጥታ አያስተዳድርም። ግብር በከብት ይቀበላል፣ ጦር ያስከትታል፣ የገበሩለትን ሰዎች ልጆች መያዣ አድርጎ ይወስዳል። መያዣ በእጁ የሌለው ንጉሥ ንግሥናው ከስም አያልፍም ነበር።

«የበኩር ልጅ አባቱን ይወርሳል»

እውነታው፦ የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በተለምዶ አባቱ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ የነገሠ ወንድ ሁሉ ለንግሥና ሊታጭ ይችላል። ወንድምም፣ አጎትም፣ የአጎት ልጅም ይታጫል። ነገሥታቱ ደግሞ በየጊዜው ሚስት ይለውጡ ስለነበር ከተለያየ እናት የተወለዱ ልጆች ይበዛሉ። ቅድመ አያቱ ብቻ የነገሠለት ሰው እሱ ራሱ ሳይነግሥ ከሞተ ለልጆቹ በሩ ይዘጋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢሸፍት ልቡ ስለጠቆረ ብቻ አይመስለኝም፤ የዘሩ ማዕረግ በእጁ ላይ ሊያልቅ ነው።

የአየርላንድ ታላቅ ንጉሥ የነበረው የብራያን ቦሩን ቤት እንይ። ብራያን በ1014 ሲሞት ልጆቹ ታይግ እና ዶንቻድ ተፋጠጡ። በ1023 ታይግ በወንድሙ ጠንሳሽነት ተገደለ። ዶንቻድ ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ያህል ገዛ፤ ነገር ግን የሟቹ ልጅ ተርሎክ ጎልምሶ፣ የአጎቱን ጠላቶች ወዳጅ አድርጎ፣ በ1063 መንበሩን ነጠቀው። ዶንቻድ ሮምን ሊሳለም ሄዶ እዚያው ሞተ።

«ንጉሥ ከሕግ በላይ ነበር»

እውነታው፦ በ700 ገደማ የተጻፈ አንድ የሕግ ድርሳን የንጉሡን ሳምንት ሳይቀር ይደነግጋል፤ የዳኝነት ቀን አለው፣ የፈረስ ግልቢያ ማያ ቀን አለው። ንጉሥ መጥረቢያ ወይም አካፋ ይዞ ሲሠራ ከተገኘ የክብር ካሳው፣ ማለትም ሲበደል የሚከፈለው ካሳ፣ ወደ ተራ ሰው ካሳ ይወርዳል። ከጦር ሜዳ ሲሸሽ ጀርባውን ቢወጋም እንደዚያው ነው። የአካል ጉድለት ያለበት ሰው ደግሞ መንገሥ አይችልም። ስለ ንብ የወጣው የሕግ ድርሳን ኮንጋል የተባለ ንጉሥ ንብ አንድ ዓይኑን ስላጠፋችው የታራን ንግሥና እንዳጣ ይናገራል። ኮንጋል በ637 ከታራው ንጉሥ ጋር ሲዋጋ ሞተ።

«ባላንጣን ማሳወር ጭካኔ እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረውም»

እውነታው፦ ጭካኔስ ነው። ግን ስሌት አለው፤ ዓይኑ የጠፋ ሰው ሳይገደል ከእጩነት ይወጣል። የሌንስተር ክፍለ ሀገር ንጉሥ ዳርሞት ማክመሮ በ1141 አሥራ ሰባት መኳንንትን ገደለ ወይም አሳወረ። የኮናክት ክፍለ ሀገሩ ሮሪ ኦኮነር በ1156 አባቱን ሲተካ የገዛ ወንድሙን ዓይን አጠፋ።

«በ1014 በክሎንታርፍ አየርላንዳውያን ቫይኪንጎችን አባረሩ»

እውነታው፦ ክሎንታርፍ በደብሊን አጠገብ ነው፤ ቫይኪንጎችም ከሰሜን አውሮፓ በባሕር የመጡ ተዋጊዎችና ሰፋሪዎች ናቸው። በዚያ ጦርነት ብራያንን ከወጉት አንዱ አየርላንዳዊው የሌንስተር ንጉሥ ማይል ሞርዳ ነው። የደብሊኑ የቫይኪንግ ንጉሥ ሲትሪክ ደግሞ የብራያን አማች ነበር፤ እናቱ ጎርምላትም የማይል ሞርዳ እኅት እና የብራያን የቀድሞ ሚስት ናት። ሲትሪክ ከጦርነቱ በኋላ እስከ 1036 ድረስ በደብሊን ነግሧል።

«እንግሊዞች የመጡት በአንዲት ሴት ጠለፋ ምክንያት ነው»

እውነታው፦ ዳርሞት ማክመሮ የብሬፍኔውን ንጉሥ የቲርናን ኦሩርክን ሚስት ዴርቮርጊላን በ1152 መውሰዱ እርግጥ ነው። ነገር ግን በዓመቱ ተመልሳለች፤ ዳርሞት የተሰደደው በ1166 ነው። በመካከሉ 14 ዓመት አለ። ቂሙ ባይረሳም የጣለው ሌላ ነገር ነው። የዳርሞት ደጋፊ የነበረው ታላቁ ንጉሥ ሙርታ ማክሎክሊን፣ ዋስ ተጠርቶለት የታረቀውን የአልስተር ንጉሥ በ1166 አሳወረ። ዋሶቹ ተነሡበት፣ ሠራዊቱ ከዳው፣ በዚያው ዓመት ተገደለ። ሮሪ ኦኮነር የበላይ ሆነ፤ ዳርሞትም ያለ ደጋፊ ቀረና ባሕር ተሻግሮ ከእንግሊዝ ንጉሥ ከሄንሪ ሁለተኛ ወታደር የመመልመል ፈቃድ አገኘ።

የመጡለት ወታደሮች በ1169 ደረሱ። በ1170 ስትሮንግቦው የተባለ የሄንሪ ተገዥ ባላባት ተከትሎ መጥቶ የዳርሞትን ልጅ ኢፋን አገባ፤ የተገባለት ቃል ሌንስተርን እንዲወርስ ነበር። በዚያው ዓመት ሮሪ በመያዣነት የያዘውን የዳርሞትን ልጅ ገደለው። በ1171 ዳርሞት ሲሞት፣ በጌሎች ሕግ ንግሥና በሴት በኩል ስለማይተላለፍ፣ ብዙ የሌንስተር ሰዎች ስትሮንግቦውን ትተው ከዳርሞት የወንድም ልጅ ጋር ቆሙ። በዚያው ዓመት በጥቅምት ሄንሪ ራሱ ጦር ይዞ ተሻገረ፤ ስጋቱም ስትሮንግቦው በአየርላንድ የራሱን መንግሥት እንዳያቆም ነበር።